ብረቱ ሄደ፣ ጭሱ ቀረ

አንዲት በሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ነበረች። ሰዎቿ እንግዳ ሲመጣባቸው የማጀቱ ጭስ የማይደርስበትን ቦታ መርጠው ያስቀምጡታል፤ እነሱ ዓይናቸው እያለቀሰ በጭሱ በኩል ይቀመጣሉ። ይህን ያላደረገ ቤተሰብ በከተማዋ ስሙ በደግ አይነሣም።

አንድ ጊዜ ከሩቅ አገር አንድ ባለጸጋ ከሸለቆው መሬት ብረት አውጥቶ ሊያቀልጥ መጣ። አገረ ገዥውና ሽማግሌዎቹም እንደ ልማዳቸው ነፋስ የሚመጣበትን ኮረብታ ለመኖሪያው ሰጡት። የማቅለጫው ምድጃ ከኮረብታው ሥር ተተከለ። ጭሱ ታዲያ ወዴት ይሄዳል? ነፋሱ ወደሚወስደው፣ ወደ ሰፈሩ ነዋ!

ሸክላ ሠርታ የምታድረው ትርንጎም ምድጃው ሲመረቅ እልል ካሉት አንዷ ነበረች። ሐሰት ምን ያደርጋል፣ ከተማዋ ተለወጠች። መንገዱ አስፋልት ለበሰ፤ ሥራ ፈት የነበረው ጎረምሳ ሁሉ ደመወዝተኛ ሆነ። ነገር ግን ነጭ ሆኖ የተሰጣ ልብስ ጠቁሮ ይነሣ ጀመር። ሙቀቱ ከዓመት ዓመት ባሰ፤ የበልጉም ዝናብ ቀረ። የትርንጎን ልጅ ዘርፌን ሳል ያዛት። እናቷ ጸበል ወሰደቻት፣ ሐኪም ቤትም ወሰደቻት፤ ሻል ይላትና ሰፈር ስትመለስ ይብስባታል። ብረቱ ግን እየተጫነ ወደ ባለጸጋው አገር ይሄዳል።

ከዚያ ደግሞ ጉድ መጣ። ከባለጸጋው አገር መልእክተኞች መጥተው፣ "የሸለቋችሁ ጭስ የዓለሙን ሰማይ እያሞቀው ስለሆነ ቀንሱ" አሉ። አገረ ገዥውም ባለጸጋውን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ሕዝቡን ሰብስቦ፣

"ከዛሬ ጀምሮ ሸክላ ማቃጠል ተከልክሏል!" አለ።

"ምድጃውስ፣ ጌታዬ?" አለች ትርንጎ ከሴቶቹ መሃል።

"እሱማ እድገታችን ነው። በእድገት ቀልድ የለም።"

"ታዲያ ሰማዩን ያሞቀው እኔ በኩበት የማቃጥላት ማሰሮ ናት? እሷን ከከለከሉኝ ልጄን ምን ላብላት? ብረቱን እነሱ ወሰዱ፣ ጭሱ ለእኛ ቀረ፤ አሁን ደግሞ ወቀሳውም የእኛ ይሁን?"

"አንቺ ሴትዮ፣ እንግዳችንን አታሳፍሪ!" አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ።

"አባቴ፣ እንግዳ እኮ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል። እሳቸው ቤት ሠርተው፣ አጥር አጥረው፣ ዘበኛ ቀጥረዋል። ጎረቤት ናቸው። ጎረቤት ከሆኑ ወደ ሰፈራችን ይውረዱ፤ ቤቴን እለቅላቸዋለሁ። እኔና ዘርፌ ደግሞ ኮረብታው ላይ እንወጣለን።"

ሰዉ ሣቀ። ባለጸጋው ግን ደንግጦ ከመቀመጫው ተነሣ።

"እንዴት ይሆናል? እኔ ልጆች አሉኝ!" አለ።

ሣቁ ቀጥ አለ። ከእናቷ ጎን የቆመችው ዘርፌ ስትስል ተሰማ።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወደ ባለጸጋው ዞሩ። "በአገርህስ ልጆች እንዲህ ባለ ጭስ ውስጥ ያድጋሉ?"

"የለም። እዚያ ይህ ምድጃ ተከልክሏል። ብዙ የማያጨስ አዲስ ወጥቷል።"

"ታዲያ እዚያ የተከለከለውን ለምን ለእኛ አመጣህብን?"

"አገረ ገዥው ግድ የለም አሉኛ!"

የሁሉም ዓይን አገረ ገዥው ላይ አረፈ። "አዲሱን አምጣ ካልኩት ወደ ሌላ አገር ይሄድብናል ብዬ ፈራሁ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እንግዲያው ይሂድ!" አሉ ሽማግሌው። "ወይ አዲሱን ምድጃ ያምጣ፣ ወይ እሳቱን አጥፍቶ ይሂድ። የሰው ልጅ እየሳለ አንከብርም።"

ያን ዕለት የምድጃው እሳት ጠፋ። ደመወዝተኞቹ አጉረመረሙ፤ ትርንጎንም የሰደቧት ነበሩ። ባለጸጋው ግን አልሄደም። የሚፈልገው ብረት ያለው በዚያች ሸለቆ መሬት ውስጥ ነውና፣ እያማረረም ቢሆን አዲሱን ምድጃ አመጣ።

እድገት የእግዚአብሔር በረከት ነው፤ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን ባለጸጋ ለገዛ ልጁ የተጸየፈውን ጭስ ለድሃ ልጅ ሲያጎርስ፣ የራሳችንም ሹም ከጎኑ ቆሞ "ግድ የለም" ሲል፣ ያ እድገት ሳይሆን ግፍ ነው። አየሩን የፈጠረ አምላክ ለኮረብታው ንጹሑን፣ ለሸለቆው ቆሻሻውን ብሎ አላካፈለም።

እርስዎስ፣ "ግድ የለም" ሲባል ሰምተው ዝም ያሉት በማን ልጅ ላይ ነው?