የሰሙትና ያዳመጠችው

አንድ ጊዜ፣ ቆላው በበጋ ነዶ ወንዙ አሸዋ ብቻ በቀረበት ወራት፣ አራዊቱ በደረቁ ወንዝ መሀል ጉድጓድ ቆፍረው የሚንጠባጠበውን ውሃ በወረፋ ይጠጡ ነበር። ወረፋ አስከባሪው አያ አንበሶ ነው። አህያ ደግሞ፣ መቼም አህያ ናትና፣ መጨረሻ ላይ ናት። ከጎኗ ውርንጭላዋ በጥም ጉልበቱ ከድቶት ይንገዳገዳል። ጭንቀቷ ሌላ አልነበረም፤ እሱን አንድ ጉንጭ ማጠጣት ብቻ።

ተሲያት ላይ ከሩቅ፣ ከደጋው በኩል፣ የሚያጉረመርም ድምፅ መጣ።

«ሰማችሁ?» አለ አንበሳ።

«ሰምተናል ጌታዬ፣ ነጎድጓድ ነው» አለች ቀበሮ። «ደጋው ቢዘንብ ለኛ ምን ሊተርፈን! እዚህ እንደሆነ ሰማዩ ጥርት ብሏል።»

«እኔም ሰምቻለሁ፤ ወረፋው ይቀጥል!» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ።

በመጨረሻ የአህያ ተራ ደረሰ። ውርንጭላው አፉን ወደ ጉድጓዱ ሲሰድ፣ እሷ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ቆመች። ነጎድጓዱ አባርቷል፤ ጉርምርምታው ግን አላባራም። ጭራሽ እየቀረበ ነው! ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አሸዋው ላይ ለጠፈች። ከወንዙ ላይኛው በኩል ድንጋይ ከድንጋይ ሲላጋ ይሰማታል። ልጇን ከውሃው ገፍታ አራቀችው።

«ደራሽ ውሃ ነው! ወደ ዳር ውጡ!»

«አይ ያንቺ ነገር! ያን ሁሉ ጆሮ ተሸክመሽ የሰማሽው እኛ የሰማነውን አይደል?» ብላ ቀበሮ ሳቀች። ጅቡማ ደስ አለው። «ተራሽን ከተውሽው እኔ አለሁልሽ!» ብሎ ጭንቅላቱን ጉድጓዱ ውስጥ ቀበረ።

አንበሳ ግን፣ የተጠማ ልጇን ከውሃ አፍ የነጠለች እናት በዋዛ አትጮህም ብሎ፣ «ውጡ!» ሲል አገሳ።

ዳሩን ከመያዛቸው ጎርፉ ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ ደረሰ። ጅቡን አገላብጦ አገላብጦ እሾህ ቁጥቋጦ ላይ ወረወረው፤ በስንት መከራ ተረፈ።

«እኔም እኮ ቀድሜ ሰምቼ ነበር» አለች ቀበሮ፣ ቅድም በአህያ እንዳልሳቀች ሁሉ።

«ሁላችንም ሰምተናል» አለ አንበሳ። «ለመስማትማ ጆሮ ካለ ይበቃል። ያዳመጠችው እሷ ብቻ ናት። እሰይ የኔ እመቤት፣ ተባረኪ! ከዛሬ ጀምሮ ወረፋው የሚጀምረው ከልጅሽ ነው።»

ጎርፉ ጋብ ሲል ውርንጭላው ዳር ላይ ካቆረው ውሃ እስኪጠግብ ጠጣ፤ አንበሳም ከኋላው ቆሞ ተራውን ጠበቀ።

ከዚህ የምንማረው፣ ድምፅ ወደ ሁሉም ጆሮ ቢገባም ሕይወት የሚያድነው የያዘውን ትቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ልብ የሚሰጥ አዳማጭ መሆኑን ነው።