ፊታቸውን ወደ ቤት ያዞሩ ውሾች

ሉፐስ የተባለው ሕመም ኩላሊቶቿን ያስቆጣባት አንዲት ሙሽራ፣ ጡረታ የወጡትን ሐኪም አጎቷን ጠየቀች፦ «ጋሼ፣ ሐኪሞቹ ሁለት መድኃኒት አቅርበው ምረጪ አሉኝ። ብርቱው የትኛው ነው? እሱን ወስጄ ልገላገል። ልጅ መውለድም እፈልጋለሁ።»

«ብርቱውን ነው የምትፈልጊው? እንግዲያው ስሚ» አሉ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ባለጠጋ ነበረ። በአገሩ የወንዙ ውኃ ድፍርስ ስለሆነ፣ በየቤቱ ሁለት ውኃ አጥላዮች ይኖሩ ነበር፤ እነርሱ ያላጠለሉት ውኃ ይገድላል። በየበሩም ውሾች ይጠብቁ ነበር።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ የባለጠጋው ውሾች ዝም አሉ። ከዚያም ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው፣ ቤቱን እያዩ በአንድ መስመር ተቀመጡ። እንግዳ ሲገባ ጅራታቸውን ቆሉ። አጥላዮቹ ሲወጡ ግን ያጎረሳቸውን እጅ ሳይጮኹ ነከሱ። በስማቸው ሲጠሯቸው ጆሯቸውን ያቆማሉ፤ ሰዎቹን ግን አያውቋቸውም።

በጎረቤቱ በአንድ ገበሬ ቤትም ይኸው ሆነ።

ባለጠጋው በማሳው ላይ መርዝ በጥብጦ፣ በሥጋ ለውሶ ውሾቹን ሁሉ አበላ። ገበሬው ግን የእርሱን በበሩ ላይ በሰንሰለት አሰረ፤ ጠዋትና ማታም ቁጣ የሚያበርድ የዕፅ ሥር በጥቂት በጥቂቱ ሰጣቸው።

በስምንተኛው ቀን ሽማግሌዎች መጥተው ሁለቱን ግቢ አነጻጸሩ። በባለጠጋው ግቢ ኮሽታ የለም። በገበሬው ግቢ ሰንሰለት ይንቋቋል፤ ከአጥላዮቹ አንዷ እጇን በጨርቅ ጠቅልላለች። «አንተ ሰውዬ፣ ከውሻ ጋር ልትሸመገል ነው?» ብለው ሳቁበት። ባለጠጋውን መርቀው ሄዱ።

መስከረም ሲጠባ በዚያው መንገድ ሲያልፉ የባለጠጋው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ተጣሩ፤ መልስ የለም። ማድጋዎቹ ሞልተው ቆመዋል፣ የሚቀዳቸው ግን የለም። ያለ ጠባቂ በቀረው በር ጅብ ገብቶ ነበር። መርዙ በተበጠበጠበት ማሳ የተዘራውም ዘር አልበቀለም። ዝምታው ግን በስምንተኛው ቀን ያመሰገኑት ያው ዝምታ ነበር።

በገበሬው ቤት እጇ ጠባሳ የያዘው ሴት ውኃ ታጠልል ነበር።

አዛውንቱ ወደ እኅታቸው ልጅ ዘወር አሉ። «ውሾቹ፣ ከበሽታ ሲጠብቁሽ ኖረው ዛሬ የገዛ አካልሽን የረሱት ጠባቂዎችሽ ናቸው፤ አጥላዮቹም ኩላሊቶችሽ። መርዝ ከቶ አይሰጥ አላልኩም፤ የውሾቹ ጥርስ ጉሮሮ ሲይዝ እኔም አዝዤ ሰው አድኛለሁ። አንቺ ግን ሐኪምሽን ‹የትኛው ይበረታል› አትበዪው። ‹በዚህና በዚያ ከታከሙት፣ ከዓመታት በኋላ የስንቶቹ ኩላሊት ይሠራል? በስንቶቹ ላይ ሌላ በሽታ ገባ? ስንቶቹስ ወለዱ?› በዪው። መድኃኒት በስምንተኛው ቀን አይመዘንም።»

ሙሽራዋ፣ «ገበሬው ታዲያ ውሾቹን መቼ ፈታቸው?» አለች።

«አልፈታቸውም፣ ልጄ። ሥሩንም አላቋረጠም» አሉ። «ዛሬም በሩን ይጠብቃሉ፤ አንዳንዴ ግን ዞር ብለው ቤቱን ያያሉ።»