ለመስታወት የተላጠ ግድግዳ

እዚህ ደብረ ብርሃን ቤት አሠርቶ የጨረሰ ሰው ዘመድ ጠርቶ ሲያስጎበኝ፣ ከእንግዶቹ አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ ጣል የሚያደርጋት አባባል አለች። የሰማት ሁሉ ይስቃል፤ ባለቤቱ ግን ፈገግ እያለ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ይወረውራል። ብዙዎች ከጥንት የመጣች ይመስላቸዋል። አይደለችም። የተነገረችው እኛ ሰፈር ነው፤ ያን ቀን እኔም እዚያው ነበርሁ።

አቶ ልሳነወርቅ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዱ፣ በጡረታቸው ቤታቸውን ማሳመር የያዙ ጎረቤቴ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ቁርጥማት አለባቸው። የኛ አገር ብርድ ደግሞ ለቁርጥማት አይራራም፤ ከኅዳር እስከ ጥር ጉልበታቸው ተሳስሮ ከአልጋ የሚወርዱት ግድግዳ ይዘው ነበር። አቶ ልሳነወርቅ አዲስ አበባ ለሠርግ ሄደው ባረፉበት ሆቴል ስቲም፣ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ገብተው ሰውነታቸው እንደ ሰም ሲላላ አይተዋል። ተመልሰው፣ "እዚሁ እቤታችን አሠራልሻለሁ!" ብለው ቃል ገቡ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ፍቅር ነበር።

የተበላሸው መስታወቱ ሲታሰብ ነው። በሳሎኑና በመኝታ ቤቱ መካከል ያለችውን ጠባብ ክፍል መረጡና፣ በሳሎኑ በኩል ያለው ግንብ ፈርሶ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ይሁን አሉ።

"ሰው እያየኝ ልታጠብ ነው?" አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

"መጋረጃ ይኖረዋል።"

"መጋረጃ ካለው መስታወቱ ምን ያደርጋል?"

"እንግዳ ሲመጣ መጋረጃው ይገለጣላ!"

ሥራውን የያዘችው አስካለ ነበረች። አስካለ ግንበኛ ሥር ድንጋይ በማቀበል ጀምራ፣ በሴራሚክ ሥራ ስሟ ከተማውን ያዳረሰ ሴት ናት። ክፍሉን በእጇ እየዳበሰች ዞረችና፣

"ጋሼ፣ እንፋሎት እንደ ውሃ አይደለም" አለች። "ውሃ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ መንገዱ ይታወቃል። እንፋሎት ግን ወደ ላይም ወደ ጎንም ይገባል። ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ግድግዳውም ጣሪያውም በሲሚንቶ በደንብ መለሰን፣ በላዩም እርጥበት መከላከያ ቅብ ሁለት ሦስት ጊዜ መቀባት አለበት። ጣሪያው ዘመም ይላል፤ ጠብታው አናትዎ ላይ እንዳያርፍ። መስታወቱ የሚለካው መጨረሻ ላይ ነው።"

"መጨረሻ? ዋናው እኮ መስታወቱ ነው!"

እሷ ልስኑን ስትጀምር እሳቸው ሹልክ ብለው ባለመስታወቱ ደጀኔ ዘንድ ሄዱ። ደጀኔ፣ "ተራው ብዙ ነው፤ ዛሬ ካላዘዙ ሁለት ወር ይጠብቃሉ" አላቸው። አዘዙ። ልኩንም ራሳቸው ቀደም ብለው፣ ልስን ሳይኖር፣ ከብሎኬት እስከ ብሎኬት ወስደውት ነበር።

መስታወቱ የመጣው አስካለ ልስኑን ጨርሳ ቅቡን ልትበጠብጥ ስትል ነው። አራት ሰው ተሸክሞ ቢያስጠጋው አልገባ አለ። ሦስት ጣት ያህል ይሰፋል።

"ቆርጠህ አስተካክለዋ!" አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

"ጋሼ፣ ይሄ እሳት ያለፈበት መስታወት ነው" አለ ደጀኔ። "ከነካሁት ብትንትኑ ይወጣል።"

አቶ ልሳነወርቅ መስታወቱን አዩ፤ ግድግዳውን አዩ። "እንግዲያው ግድግዳው ይላጥ!" አሉ።

አስካለ የቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊታቸውን ስታይ ሳቋን ተወችው። "መስታወት በግድግዳ ይለካል እንጂ ግድግዳ በመስታወት ይለካል እንዴ? ልስኑ ከተነሳ ቅቡ ምን ላይ ያርፋል?"

"ቅቡም ይቅር። ሴራሚክ ውሃ ያስገባል?"

"ሴራሚኩ አያስገባም። መጋጠሚያው ያስገባል።"

"ታዲያ ከሴራሚኩ ኋላ ያለውን ማን ያየዋል?"

"ማንም አያየውም ጋሼ። ክፋቱ እሱ ነው።"

መሣሪያዋን በጆንያ ጠቅልላ ወጣች። በማግስቱ ሌሎች መጡ፤ ልስኑን ልጠው ሴራሚኩን ብሎኬቱ ላይ ለጠፉ። መስታወቱም እንደ ቀለበት ልክክ አለ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። በየካቲት ወይዘሮ ደብሪቱ ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አይተን እልል አልን። ግንቦት ላይ ግን ሕመሙ ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ በትከሻቸው በኩል፣ ሲተኙ ወደ ግድግዳው በሚሆነው ጎናቸው። አቶ ልሳነወርቅ፣ "እንፋሎቱ አንሶሽ ነው" ብለው በቀን አንዴ የነበረውን ሁለቴ አደረጉት። ባሰባቸው። ሦስቴ አደረጉት።

በሰኔ ሚካኤል የጽዋ ማኅበራችን ተራ እሳቸው ቤት ደረሰ። ጠበሉ ከተቀመሰ በኋላ አቶ ልሳነወርቅ ተነሥተው መጋረጃውን ሸርተት አደረጉ። "ይኸውላችሁ!" መስታወቱ እውነትም ያምር ነበር። ሁላችንም አደነቅን፤ አንዳንዶቻችን ቀናን። እሳቸው ስለ ውፍረቱ፣ ስለ ጥራቱ፣ ስለ እጀታው ያስረዱ ጀመር። ይኼኔ ወይዘሮ ደብሪቱ ከመኝታ ቤት ወጡ። ሊለብሱት ከቁም ሳጥን ያወጡትን ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ዘርግተው ይዘዋል። ከጥለቱ እስከ ወገቡ አረንጓዴ ሻጋታ በልቶታል።

አቶ ልሳነወርቅ ስለ እጀታው የጀመሩትን አልጨረሱትም።

የማኅበሩ ሽማግሌ መምሬ ጥሩነህ ቀሚሱን አሸተቱና፣ "ቁም ሳጥኑ የት ነው ያለው?" አሉ። ተከትለናቸው ገባን፤ ለሦስት ሆነን ሳጥኑን ሳብነው። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ጠቁሮ ላብ ያወርዳል። መምሬ መዳፋቸውን ቢያሳርፉበት ልስኑ እንደ ረጠበ ዳቦ ተገምሶ እግራቸው ሥር ወደቀ። የአልጋው አንድ ጎን ከዚያው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል።

"አራት ወር ሙሉ የተኛሁት ከዚህ ጋር ነው?" አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

"ለጉልበትሽ ብዬ ነበር፣ ደብሬ..."

"ለጉልበቴ ቢሆን አስካለን ትሰማት ነበር።" አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

በሳምንቱ አቶ ልሳነወርቅ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው አስካለ ደጅ ቆሙ። "መስታወቱ ይወጣል፤ ሴራሚኩም ይፈርሳል" አለቻቸው። "ይፍረስ" አሉ። ልስኑ እስኪደርቅ፣ ቅቡ ሦስት ጊዜ እስኪደራረብ ጠበቁ፤ ሦስተኛውን ቅብ ራሳቸው ቀቡ። አዲሱ መስታወት በመጨረሻ ተለካ። ጠባብና ወተት የመሰለ፣ ምንም የማያሳይ ነው። የወይዘሮ ደብሪቱ ትከሻ እስኪድን ግን ዓመት ፈጀ።

አባባሏ የተነገረችው ያኔ አይደለም፤ በዚያው በማኅበሩ ቀን ነው። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሳሎን ሲመለስ አቶ ልሳነወርቅ ከፈረሰው ልስን አጠገብ ቀሩ፤ መምሬና እኔም ገና አልወጣንም ነበር። ከዚያ ቀና ብለው፣ "መምሬ፣ እዚሁ እየተኛሁ ይሄን ሁሉ እንዴት ሳላየው ቀረሁ?" ሲሉ፣ መምሬ ጥሩነህ ጭቃውን ከመዳፋቸው እያራገፉ እንዲህ አሏቸው፦ "ምን ይደረግ ልጄ፤ የሚታየው በመስታወት፣ የማይታየው በጸጸት!"