ዘይት ያልጠጣው ጠርዝ

በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ሐጂ ጀውሃር የሚባሉ እንጨት ሠሪ ሽማግሌ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ያኔ በጣሳ የሚሸጥ ቫርኒሽ የለም። ሐጂ የተልባ ዘይት በለዘብተኛ እሳት አፍልተው፣ ሙጫ አሟሙተውበት፣ እንጨቱን በጨርቅ ይቀባሉ፤ ፀሐይ ሲያደርቀው ይደግሙታል፣ ይሠልሱታል። እንዲህ ዘይት የጠገበ እንጨት ዝናብ አይደፍረውም። ከባድ ሳንቃ ሲገለበጥ አንዱን ጫፍ የሚይዙላቸው ባለቤታቸው ዘሃራ ነበሩ። እሳቸው ወደ አኺራ ከሄዱ ወዲህ ሐጂ ቤት የሚገባ ሰው አልነበረም። ብቸኝነት ክፉ ነው፤ እኔ አላሳምረውም።

አንድ ዓመት የመስጂዱን አዲስ በር ሠሩ። በሩ ሲሰቀል ያየ ሁሉ «ማሻአላህ!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዱ ምሳ ይጠራቸዋል፣ ሌላው ደጃፋቸው ቁጭ ብሎ ያጫውታቸዋል። ሐጂ ግን እንቅልፍ አጡ። ሳንቃውን ብቻቸውን ማንሳት አቅቷቸው፣ የታችኛውን ጠርዝ ሳይቀቡት ቀርተዋል። ሰዎች ሊሰቅሉት ሲመጡም አፍረው ዝም ብለዋል። አሁን ቢናገሩ ያገኙትን ሰው መልሰው ሊያጡ ነው፤ ዝም ቢሉ ደግሞ አማና መብላት፣ የተጣለባቸውን አደራ መክዳት ነው።

ክረምቱ ሲቃረብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተነሥተው ቆሙ።

«ጀመዓ፣ አውፍ በሉኝ። ብቻዬን ማንሳት አቅቶኝ፣ የበሩ ግርጌ ዘይት አልጠጣም።»

የእንጨቱን ወጪ የቻለው ነጋዴ አወል ተቆጣ። «በአንቱ ሥራ ስንኮራ ሐጂ! ደግሞስ ከሥር ማን ያየዋል?»

«ውሃ ያየዋል ልጄ። ውሃን የፈጠረውም ያየዋል።»

ኢማሙ በቀስታ ጠየቁ፦ «ለማንሳት ካቃተዎ ምነው ሰው አልጠሩም?»

«ማንን?» አሉ ሐጂ።

አራት ወንዶች በሩን አውርደው አጋደሙት፤ ሐጂም ጠርዙን ሦስት ጊዜ ቀብተው፣ አድርቀው መለሱት። አወልና ጓደኞቹ ግን የሐጂን ደጃፍ መርገጥ ተዉ።

ይህን ታሪክ የሚያወሱ ብዙዎች «ውሃ ያየዋል» የሚለውን ያነሣሉ፤ እውነት ነው፣ ትልቅ ቃል ነው። እኔን የሚያመኝ ግን «ማንን?» ያሉት ነው። ያ ጀመዓ በቀን አምስት ጊዜ ከሐጂ ትከሻ ጋር ትከሻ ገጥሞ ይሰግድ ነበር፤ አንድ ሳንቃ የሚያነሣላቸው ትከሻ ግን አላገኙም። ወንድሞቼ፣ ዛሬ ሶላታችሁን ጨርሳችሁ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ስታሰላምቱ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው እዩት፤ ቤቱ ማን እንዳለው ጠይቁት።