የአምስተኛው ተማሪ ድርሻ

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ላቀው ሳይዘጋጅ የሚቀርብ ተማሪ ሲያዩ ደማቸው ይፈላል። አንድ ቀን ከአምስት የቡድን አባላት አራቱ ስለ አፈር መሸርሸር በየተራ አስረዱ። አምስተኛው ግን መጀመሪያ ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ የጓደኞቹን ስም ካስተዋወቀ በኋላ ግድግዳ ተደግፎ ዝም አለ።

ዶክተሩ ወደ ፊት ጠሩት።

«ከእነሱ እኩል ማርክ ልትወስድ ነው? እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ሥራ ነው? ዜሮ የማልሰጥህ ለምንድን ነው?»

ተማሪው መለሰ።

«ባለፈው ሳምንት አዳራሹ ውስጥ ዓውደ ጥናት ነበረ፤ ወንበር የደረደርነው እኛ ነን። እርስዎ እንኳን ደህና መጣችሁ ብለው ወጡ። ሰርተፍኬት ሲታደል ግን መጀመሪያ የተጠራው የእርስዎ ስም ነው። እኔ ቢያንስ እስኪያልቅ ድረስ ቆሜያለሁ።»