ሽኮኮ የዝሆን ወገን ነኝ ያለች ዕለት

አንድ ጊዜ፣ ዘመኑን ልስት እችላለሁ፣ የወንዙንም ስም አንዱ አንድ፣ ሌላው ሌላ ይለዋል፣ ክፉ ድርቅ ገባ። ቅጠሉ ረገፈ፤ ወንዙ አሸዋ ሆነ። ዝሆን አሸዋውን በእግሯ ምሳ፣ በኩምቢዋ ዝቃ ውሃ አወጣች። በዚያ አገር ደግሞ ሕግ ነበር፤ ጉድጓድ የቆፋሪውና የወገኑ ነው፣ ባዳ አይጠጣም።

ሽኮኮ ግልገሎቿን በቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ ትታ መጣች። ከጠዋት ጀምሮ ድምፃቸው ጠፍቶ ነበርና ልቧ አላርፍ አለ።

«እሜቴ» አለች ከሩቅ ቆማ፣ «ወገንሽ ነኝና አጠጪኝ።»

ጅብ ከጥላው ሥር ሳቀ። «ይቺ እፍኝ የማትሞላ? እሷ የዝሆን ወገን ከሆነች እኔም የአንበሳ አማች ነኝ።» ወደ ዝሆን ዞሮም፣ «ውሸቷ ከወጣ ግን እሷን ትሰጪኛለሽ? ባዶ ሆዴን ነው የዋልኩት» አለ።

«ከዋሸችማ ያንተ ናት» አለች ዝሆን። «በይ፣ ሰባት ቤት ቁጠሪ።»

ሽኮኮ ደነገጠች። ወገንነቱን የነገረቻት እናቷ ናት፤ ለእናቷም የነገረቻት እናቷ ናት። ከዚያ በላይ የምታውቀው የለም። እናቷን፣ አያቷን፣ ቅድመ አያቷን እያለች እስከ ሰባት ጠራች። ሁሉም ሽኮኮ ሆኑ።

«ሰባት አለቀ» አለች ዝሆን፤ «የኔ ቤት አልተጠራም።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ።

ይህን ጊዜ ቀበሮ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። እሱም ጠምቶታል፤ ክርክሩ ከረዘመ ከጉድጓዱ ጠርዝ ጥቂት እልሳለሁ ብሎ ነው። «እሜቴ፣ ስም የሚይዘው ምላስ ነው፣ ምላስም ይረሳል። ገላ ግን አይረሳም። እስቲ እግሯን እዪው» አለ።

ሽኮኮ እግሯን ዘረጋች። ጥፍሯ እንደ አይጥ የሾለ አልነበረም፤ እንደ ዝሆን ጠፍጣፋና ድንዝ ነው። አፏንም ስትከፍት ከላይ በኩል ሁለት የፊት ጥርሶች ታዩ፤ እንደ ዝሆን ጥርስ ዕድሜ ልክ የሚያድጉ።

«ጥርስማ አይጥም አላት» አለ ጅብ።

«የአይጥ ጥፍርስ እንዲህ ነው?» አለ ቀበሮ።

ጅብ ሊያስብ ሞከረ፤ ማሰብ ስለማይወድ ተወው።

ዝሆን ግን አልረካችም። «እኔ ተራራ፣ እሷ ጠጠር። መሃላችን ባዶ ነው። መሃሉን ካላየሁ አላምንም።»

ቀበሮ ወደ ጅብ ጠጋ አለ። «አያ ጅቦ፣ ባዶ ሆድህን ምን ያስቀምጥሃል? ጎርፍ በናደው ገደል ውስጥ አንድ አጥንት ብቅ ብሏል፤ ማንም አልነካውም።»

ጅብ በረረ። ሽኮኮ በዓይኗ ተከተለችው። አጥንቱ የምን እንደሆነ አታውቅም፤ የጅብን መንጋጋ ግን ታውቃለች። ከገደሉ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጅብም አንድ የራስ ቅል በእግሩ እያንከባለለ መጣ።

«አንተ ምቀኛ፣ ይህ ድንጋይ ነው። ጥርሴን ሰበረው።»

«አጥንት ነበር፤ አፈር ውስጥ ብዙ ኖሮ ድንጋይ ሆነ» አለ ቀበሮ።

የራስ ቅሉ ከከርከሮ ራስ አይበልጥም። ሁለቱ የላይ ጥርሶቹ ከሽኮኮ ጥርስ ይረዝማሉ፣ ከዝሆን ጥርስ ያጥራሉ። ዝሆን በኩምቢዋ ጫፍ፣ የሞቱ ዘመዶቿን አጥንት እንደምትዳስሰው ዳሰሰችው። ገልብጣም አየችው። ሽኮኮ ወደ ቋጥኙ አየች፤ ፀሐይዋ ስንጥቁ ላይ ደርሳ ነበር።

«የኔ ቤት ነው» አለች ዝሆን በመጨረሻ። «ግን ትንሽ ነው። ለካ እኛም ትንሽ ነበርን።» ሽኮኮን ትክ ብላ አየቻት። «አንቺ ከኔ አልወጣሽም፣ እኔም ካንቺ አልወጣሁም። ከዚህ አጥንትም ወዲያ፣ ሁለታችን የወጣንበት አንድ ደጅ አለ። ሰባት ቤት አጠረ እንጂ አንቺ አልዋሸሽም።»

«የኔስ እራት?» አለ ጅብ።

«ፊትህ ያለውን ጨርስ» አለው ቀበሮ።

ሽኮኮ ለራሷ ሳትጠጣ ሮጠች። ወደ ስንጥቁ ተጣራች። መልስ የለም። ደግማ ተጣራች። ከጨለማው አንድ ቀጭን ድምፅ መለሰ፤ ቆይቶ ሌላ። ከኋላዋ የመጣችው ዝሆን በኩምቢዋ የያዘችውን ውሃ በስንጥቁ አፍ ቀስ ብላ አፈሰሰች።

የመጨረሻ ወሬያቸው የተሰማው በሰኔ ሚካኤል ዕለት ነው። ዝናቡ ገና አልጣለም፣ የጉድጓዱም ውሃ እየራቀ ነበር፤ ሽኮኮዎቹ ግን ከዝሆን እግር ሥር ይጠጡ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ዝምድናን በሚያስታውሰው ስምና በሚያየው ቁመት ብቻ የሚለካ ሰው የገዛ ወገኑን ከደጁ አቁሞ በውሃ ጥም ሊገድል እንደሚችል ነው።