ገመድ አጠር

ከሰኞ ገበያ ወደ ላይ፣ የቅዱስ ሚካኤልን ደጅ አልፈው ኮረብታው ጫፍ ሲደርሱ፣ አፉ ከአንድ ጎጆ የማይሰፋ፣ ታቹ የማይታይ ጉድጓድ አለ። ስሙ ገመድ አጠር ይባላል። በዳሩ ላይ ጠጠር ተደርድሮ ይታያል፤ አንድ ለብቻው፣ ቀጥሎ አራት፣ ቀጥሎ ዘጠኝ። ጎርፍ ሲበትነው የሚያልፍ ሰው ጎንበስ ብሎ መልሶ ይደረድረዋል። ደግሞ በዚህ አገር እንቆቅልሽ ሲጫወቱ፣ እንደ ሌላው ቦታ መልሱ የጠፋበት ሰው አገር አይሰጥም፤ እጁን ዘርግቶ «ገመድ ስጠኝ» ይላል። እንግዳ ሲሰማው ይስቃል። ነገሩ ከየት እንደመጣ ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ የሰማሁትን እኔም እንደሰማሁት እጽፋለሁ።

ድሮ በዚህ አገር ጓንጉል የሚባል ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር ይባላል። ውሃ ያለበትን መሬት በእግሩ ረግጦ ያውቅ ነበር የሚሉ አሉ፤ እሱን እንጃ። ሁሉም የሚስማሙበት ግን ጠጠር ጥሎ ጥልቀት ማወቁ ነው። ጠጠሩን ይለቅና «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለ በዝግታ ይቆጥራል፤ ድምፁ ሲመጣ ምን ያህል ገመድ እንደሚበቃ ይናገራል፤ አይስትም። የገበያውንም ጉድጓድ የቆፈረው እሱ ነበር። እዚያ ጠጠር ሲጣል አንድ እግዚኦ ተብሎ ሲያልቅ ታች ይደርሳል። የዚያ ጉድጓድ ገመድ ርዝመቱ በሰው ሁሉ ዘንድ የታወቀ ስለሆነ የአገሩ መለኪያ ሆኖ፣ ሰው ስለ ርዝመት ሲያወራ «ሁለት የገበያ ገመድ ይሆናል» ይል ነበር አሉ።

ጓንጉል ጨዋታ ይወዳል። ጠላ ቤት ሲገባ አንዲት ጥያቄ አለችው።

«በገበያው ጉድጓድ አንድ እግዚኦ፣ አንድ ገመድ። ሁለት እግዚኦ የሚፈጅ ጉድጓድ ቢገኝ ስንት ገመድ ይበቃዋል?»

«ሁለት ነዋ፣ ይሄ ምን ይጠየቃል» ይላል ወዳጁ ሸማኔው ቢሰውር።

«ተሸነፍክ። በል ቅዳልኝ።»

«እሺ፣ ስንት ነው ታዲያ አያ ጓንጉል?»

«እሱን ከነገርኩህ ነገ ጠላዬን ማን ይቀዳልኛል?»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል፣ ቢሰውርም እየሳቀ ይቀዳል። የጓንጉል ሚስት ትርንጎ ግን ደስ አይላትም ነበር ይባላል። አንድ ቀን «ጠላው ይቅርብህና ንገራቸው» ብትለው፣ «እንጀራዬ እኮ ነው። ሁሉ ካወቀው እኔን ማን ይጠራኛል?» አላት፤ ለእሷም አልነገራትም።

ከዚያ ዝናብ የቀረበት ዓመት መጣ። የገበያው ጉድጓድ ደረቀ፣ ከብቱም ያልቅ ጀመር። ኮረብታው ላይ ካለው ጉድጓድ ውስጥ የውሃ ድምፅ ይሰማል የሚል ወሬ ተነሣ። ጓንጉል ቤቱን ዘግቶ ገመድ ገመደ፤ ርዝመቱን ሰው እንዳያይበት ብሎ ነው። ትርንጎም ያየችው በስልቻ የተጠቀለለውን ነው። ማንንም ሳያስከትል ወጥቶ ገመዱን ጉድጓዱ ዳር ካለው ወይራ ግንድ ጋር አሰረና ወረደ። ኋላ እንደታወቀው፣ ታች ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የዳሩ ድንጋይ ገመዱን በጠሰው፣ ገመዱም ከሱ ጋር ወደቀ። ትርንጎ ምሳ ይዛ ስትመጣ ግንዱ ላይ የቀረውን ቁራጭ አየች። ከታች የሰው ድምፅ ሰማች። ጮኻ አገሩን ጠራች።

ሰው ሁሉ ወጣ። የሚካኤሉ ቄስ መምሬ ተክለ ማርያም ጠጠር አስመጡና፣ ሰውየውን እንዳይመታው ድምፁ ከሚመጣበት ራቅ አድርገው ለቀቁ። ሕዝቡም አብሮ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አለ፤ ደገመ። ሁለተኛው ሲያልቅ ድምፁ መጣ።

«ሁለት ገመድ ነው፣ ቶሎ ግመዱ» አሉ መምሬ።

ቢሰውር ከቆመበት አልተነቃነቀም። «አባ፣ ይሄ የሱ ጥያቄ ነው» አለ።

«የቱ ጥያቄ?»

«ጠላ ቤት የሚጠይቀን። ሁለት ባልን ቁጥር ተሸንፈናል።»

«ታዲያ መልሱ ስንት ነው?»

«አልነገረንም።»

«ከሁለት ይበልጣል ወይስ ያንሳል?»

«እሱንም አልነገረን።»

ሰው ሁሉ ወደ ትርንጎ ዞረ። «ለእኔም አልነገረኝ፣ አባቴ» አለች።

ከታች ጓንጉል ይጣራል። ጉድጓዱ ግን ድምፁን እያጋጨ ስለሚመልሰው ቃሉ አይለይም። ያን ጊዜ ቁጥሩን ይነግራቸው ነበር የሚሉ አሉ። እግዚአብሔር ያውቃል።

ቃጫውን ድርቁ ፈጅቶት ስለነበር የተገኘው ተለቃቅሞ ሁለት የገበያ ገመድ ያህል ተገመደ። ውሃ የሞላ ቅል ጫፉ ላይ አስረው አወረዱት። ገመዱ አለቀ። መልሱ ከሁለት ያንስ ይሆናል ብለው ተስፋ አድርገው፣ ከታች እስኪጎትተው ያዙት። «ደክሞት ነው፣ አሁን ይይዘዋል» ይባባላሉ፤ የያዘው እጅ ሲዝል ሌላው ይቀበላል። ትርንጎ ዳሩ ላይ በሆዷ ተኝታ «ያዝ፣ ያዝልኝ» ትለዋለች። መምሬም ጸሎታቸውን አላቋረጡም። ቅሉ ግን ገና መንገድ አጋማሽ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ለእነሱ አልታያቸውም እንጂ፣ ከታች ቀና ላለ ሰው በዚያች በሰማይ ቀዳዳ ላይ እንደ ዝንብ ሆኖ ይታይ ነበር።

እንዲህ ሆነው መሸ፣ ነጋም። ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ገመዱን ሲስቡ ቢሰውር የቅሉን ቂጥ በመዳፉ ዳበሰና «አፈር አልነካም» አለ።

ከወንዝ ማዶ ገመድ ተለመነ፣ የበሬ ጠፍር ሳይቀር ተቀጣጠለ። ታች ሲነካ አራት የገበያ ገመድ ሆነ። የወረደው ቢሰውር ነው። ጓንጉልን እግሩ ተሰብሮ ግድግዳው ላይ ተደግፎ እንደተቀመጠ አገኘው፤ ነፍሱ ወጥታለች። ውሃ የሚባል የለም፤ የሰሙት የንፋስ ድምፅ ኖሯል። በሬሳው አጠገብ ግን ጠጠር ተደርድሮ ነበር፤ አንድ፣ ከዚያ ሁለት በሁለት ሆኖ አራት፣ ከዚያ ሦስት በሦስት ሆኖ ዘጠኝ። ለአንድ እግዚኦ አንድ ገመድ፣ ለሁለት አራት፣ ለሦስት ዘጠኝ ማለቱ ነበር። ጠጠር ሲወድቅ እንደ መንገደኛ በአንድ እርምጃ አይሄድም፤ በወረደ ቁጥር እየፈጠነ ይሄዳል። ዘጠኙን ኋላ በወንዙ ገደል ላይ ሞክረው እውነት ሆኖ አገኙት ይባላል። ቢሰውር እስኪሞት ድረስ ይህን ባወራ ቁጥር «መልሱ ይሄ ብቻ ነበር እኮ» ይል ነበር አሉ።

በተዝካሩ ቀን ትርንጎ ከሕዝቡ ፊት ቆመች።

«ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም» አለች። «እንድትጫወቱ ይወድ ነበር። መልሱን ግን ለብቻው ያዘው። ከእንግዲህ በዚህ አገር የጠየቀ ይንገር። ላልገባው እስኪገባው ይንገር።»

መምሬም ይህንኑ ብለው ገዘቱ፣ ሰውም አሜን አለ።

ይኸው ዛሬም በየዓመቱ በሚካኤል ማግስት ሰው ጉድጓዱ ዳር ይሰበሰባል፤ ገበሬው፣ ባልቴቷ፣ የቆሎ ተማሪው ሳይቀር። ወይራው ላይ ሳይወጡ በጥላው ብቻ ቁመቱን እንዴት ማወቅ ይቻላል? ሦስት ማዕዘን ያለው እርሻ ለሁለት ወንድማማቾች እኩል የሚከፈለው በየት በኩል ነው? ጎተራውን ሳይከፍቱ ስንት ቁና እንደሚይዝ በምን ይታወቃል? በዱላና በጠጠር፣ አፈር ላይ እየጫሩ ይጠያየቃሉ፤ ይሟገታሉ፣ ይሳሳቃሉም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ምንጊዜም የጓንጉል ነው። አንድ ሽማግሌ ጠጠር ይለቃል፤ ሰው ሁሉ በለሆሳስ እግዚኦ ይላል፣ ይደግማል። ከልጆቹ አንዱ ሁሌም «ሁለት» ይላል። ከዚያ እጁን ወደ ጉድጓዱ በኩል ዘርግቶ «ገመድ ስጠኝ» ይላል።

ያን ጊዜ የሚስቅ የለም። ሽማግሌው ቶሎ ብሎ አራት ጠጠር መዳፉ ላይ ያስቀምጥለታል፤ «ያዝ» ይለዋል።